ሽልማቱ ደጃፍ ላይ ደርሶ መውደቅ፦ ዝቅተኛ ክፍያ ላላቸው የኢንተርኔት ፖከር ውድድሮች ጀማሪ ምን ይማር?

ጠያቂ፦ አዲስ መጤ

ጤና ይስጥልኝ። ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን፣ እያንዳንዱ ሰው ሁለት የራሱን ካርታ ይዞ አምስት የጋራ ካርታዎች በጠረጴዛ ላይ የሚወጡበትን ፖከር መጫወት ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። የምሳተፈው የመግቢያ ክፍያቸው 1 ዶላር ወይም ከዚያ በታች በሆኑ የኢንተርኔት ውድድሮች ላይ ብቻ ነው። የትኛው እጅ የትኛውን እንደሚያሸንፍ፣ ውርርዱ በየዙሩ እንዴት እንደሚካሄድና ዘግይቶ መወሰን ለምን እንደሚጠቅም አውቃለሁ ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ ውጤቴ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ እታገሣለሁ፣ ጥሩ ካርታ እስኪመጣልኝ እጠብቃለሁ፣ ከዚያም ከተሸላሚዎቹ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ዝቅ ብዬ እወጣለሁ።

ለምሳሌ ያህል የመጨረሻውን ላቅርብ። 10 ሰዎች የገቡበት የአንድ ጠረጴዛ ውድድር ነበር፤ ሽልማቱ ለአንደኛ 5፣ ለሁለተኛ 3፣ ለሦስተኛ 2 ዶላር ነው። አራት ስንቀር እያንዳንዳችን 2,500 ቺፕ ነበረን፤ ብላይንዱ (ሁለት ተጫዋቾች ካርታ ሳያዩ በግድ የሚያስቀምጡት ውርርድ) 100 እና 200 ሲሆን አንቲ (ሁሉም በየእጁ የሚያዋጡት ትንሽ ክፍያ) አልነበረም። የመጀመሪያው ተጫዋች ካርታውን ጣለ፣ በአዳዩ ቦታ (ከብላይንዶቹ በፊት ባለው መቀመጫ) ያለው ኦል ኢን ገባ፣ ማለትም ቺፑን ሁሉ ተወራረደ፣ ትንሹ ብላይንድም ጣለ። እኔ በትልቁ ብላይንድ ላይ ሆኜ ምልክታቸው የተለያየ ኤስና ኪንግ ስለያዝኩ ተቀበልኩት። ጥንድ ስምንት አሳየኝ፤ በጠረጴዛው ላይ የወጡት አምስት ካርታዎችም ስላልረዱኝ አራተኛ ሆኜ ባዶ እጄን ወጣሁ።

ያማከርኳቸው ሁሉ «ኤስና ኪንግ አይጣልም፣ ዕድል ነው» ይሉኛል። እውነት ዕድል ብቻ ነው ወይስ የተሳሳትኩት ነገር አለ? ስህተት ከሆነስ ጀማሪ ሰው ከምን ጀምሮ ቢማር ይሻላል?

መልስ፦ ሒሳብ ወዳድ

ጥያቄዎን ከነቁጥሮቹ ስላቀረቡ አመሰግናለሁ፤ አብዛኛው ሰው «በመጥፎ ዕድል ወጣሁ» ብሎ ብቻ ስለሚጽፍ መልስ ለመስጠት ያስቸግራል።

በመጀመሪያ ቺፑን ብቻ እንቁጠር። ከፊትዎ የነበረው 2,800 ቺፕ ነው፤ ይኸውም የተጋጣሚዎ 2,500፣ የእርስዎ ብላይንድ 200 እና የትንሹ ብላይንድ 100 ነው። ለመቀበል የሚጨምሩት 2,300 ስለሆነ፣ ከ100 ጊዜ 45 ጊዜ ያህል ካሸነፉ በቺፕ አይከስሩም። ኤስና ኪንግ ጥንድ ስምንትን የሚያሸንፈውም ከሞላ ጎደል በዚሁ መጠን ነው። በጥሬ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ኖሮ አማካሪዎችዎን የሚከራከር አይኖርም ነበር።

እርስዎ የተቀመጡት ግን ቺፕ ተመልሶ ወደ ገንዘብ በማይመነዘርበት ጨዋታ ላይ ነው። በውድድር ውስጥ የሚከፈለው ደረጃ እንጂ ቺፕ አይደለም። አራታችሁም እኩል ስትሆኑ የእያንዳንዳችሁ ድርሻ ከ10 ዶላሩ ላይ 2.50 ነው። አንዱን አስወጥተው ቺፕዎን እጥፍ ቢያደርጉ ድርሻዎ 5 ዶላር የሚሆን ይመስላል፤ አይሆንም፣ ምክንያቱም የቀሩት ሁለቱ ሰዎች ምንም ሳይጫወቱ ሽልማት ውስጥ ስለገቡ ከእርስዎ ድል ላይ ተካፍለዋል። አይሲኤም በሚባለው ስሌት፣ ማለትም የእያንዳንዱ ሰው አንደኛ የመውጣት ዕድል ከጠቅላላው ቺፕ ካለው ድርሻ ጋር እኩል ነው ብሎ ቀጣዮቹን ደረጃዎችም በዚያው መንገድ በሚያከፋፍለው ስሌት፣ 5,100 ቺፕ ይዘው ሦስት ሲቀሩ ድርሻዎ 3.86 ዶላር ገደማ ነው። ካርታዎን ጥለው 2,300 ቺፕ ይዘው ቢቀጥሉ ደግሞ 2.37 ዶላር ያህል በእጅዎ ይቆያል። 2.37ን ለ3.86 ሲያካፍሉ ከ61 በመቶ በላይ ይመጣል። ስለዚህ ለመቀበል የሚያስፈልግዎት 45 ሳይሆን 61 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ነበር። (ዘዴው ፖከር ተጫዋቾች የፈጠሩት ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ዴቪድ ሃርቪል የፈረስ እሽቅድምድም ደረጃዎችን ለመገመት ያቀረበው ስሌት ተመሳሳይ ነው።)

ታዲያ መጣል ነበረብዎት? ይህ የሚወሰነው ባሳየው ጥንድ ስምንት ሳይሆን፣ ያ ሰው በዚያ ቦታ ላይ ሆኖ ከሚገፋቸው (ኦል ኢን ከሚገባባቸው) እጆች ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ነው። ያገኘውን ሁለት ካርታ ሁሉ የሚገፋ ሰው ከሆነ ኤስና ኪንግ 65 በመቶ ያህል ያሸንፈዋል፤ መቀበል ተገቢ ነበር። ከጥንድ ሰባት በላይ እና ከኤስ-ጃክ በላይ ያሉትን ብቻ የሚገፋ ቆጣቢ ከሆነ ግን ዕድልዎ ከግማሽ እምብዛም አይበልጥም፤ ያኔ ውሳኔው ውድ ስህተት ነው። ስሌቱ የተጫዋቾችን ችሎታም ሆነ ቀጥሎ ብላይንድ የሚከፍለው ማን እንደሆነ አይመለከትም፤ ሆኖም ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላየሁም።

ከዚህ የሚከተለውን ደግሞ ልብ ይበሉ። እርስዎ ለመቀበል 61 በመቶ የሚያስፈልግዎት ከሆነ፣ ለተቀሩትም እንዲሁ ነው። በዚያች ሰዓት ቀድሞ የሚገፋው ሰው ሌሎቹ ጥለውለት ብላይንዱን በነጻ ሊወስድ ይችላል፤ የሚቀበለው ሰው ግን ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ ካርታው ተገልጦ ማሸነፍ። እርስዎ በአዳዩ ቦታ ሆነው ይህንኑ ኤስና ኪንግ ይዘው ቢሆን ኖሮ ያለ ምንም ማመንታት መግፋት ነበረብዎት።

መልስ፦ ዝምተኛው ወንበር

ከላይ የቀረበው ስሌት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከጠያቂው ጽሑፍ ውስጥ አንድ ሐረግ ታልፏል፦ «ጥሩ ካርታ እስኪመጣልኝ እጠብቃለሁ»። እኔ በበኩሌ ሕመሙ እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ ያቺ የኤስና የኪንግ እጅ ምልክቱ ናት።

ሁለት ካርታ በ1,326 መንገድ ሊደርስዎ ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ ከጥንድ አሥር እስከ ጥንድ ኤስ ያሉት 30፣ ኤስና ኪንግ ደግሞ 16 ናቸው፤ በድምሩ 46። ይህ ማለት «ጥሩ ካርታ» የሚሉት በአማካይ በ29 እጅ አንድ ጊዜ ይመጣል። ዘጠኝ ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ይህ ከሦስት ዙር በላይ ነው። አንቲ ከተጀመረ በኋላ አንድ ዙር ብዙውን ጊዜ 2.5 ትልቅ ብላይንድ ያህል ያስከፍላል። እንግዲህ 20 ብላይንድ የያዘ ሰው አንዷን ጥሩ እጅ ሲጠብቅ 8 ብላይንድ ያህል ከፍሎ 12 ይዞ ያገኛታል፤ ብላይንዱ በመካከል ከፍ ካለ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። እጇ መጥታም ቢያሸንፍ የሚያተርፈው በመጠበቅ ያጣውን ከመተካት ብዙም አይርቅም።

ስለዚህ ቺፕዎን በቁጥር አይለኩት። 5,000 ቺፕ ብዙ ይሁን ጥቂት ራሱ ቺፑ አይነግርዎትም፤ ለትልቁ ብላይንድ ያካፍሉት። ከ40 በላይ ሲሆን ጊዜ አለዎት። ከ15 እስከ 25 ባለው ውስጥ ሲሆኑ ግን ሥራዎ ብላይንድ መስረቅ፣ ማለትም ሌሎቹን አስጥሎ ብላይንዱን መውሰድ ነው፤ ከፊትዎ ያሉት ሁሉ ጥለው ተራው በአዳዩ ቦታ ወይም ከእሱ ቀደም ባለው መቀመጫ ላይ ሲደርስዎት 2.2 ብላይንድ ተወራርደው ይክፈቱ። በመካከል ያለው 2.5 ከሆነ፣ ሁሉም ከ100 ጊዜ 47 ጊዜ ብቻ ቢጥሉልዎት ካርታዎ ምንም ይሁን ምን አይከስሩም፤ በተቀበሉዎት ጊዜ የሚያሸንፉት ደግሞ ተጨማሪ ነው።

ከ10 ወይም ከ12 ብላይንድ በታች ሲወርዱ ትንሽ መክፈትን ይተዉት፤ ወይ ሁሉንም ይግፉ ወይ ይጣሉ። 10 ይዘው ገፍተው ሁሉም ከጣሉልዎት ቺፕዎ በአንድ እጅ ሩቡን ያህል ይጨምራል። ከኋላዎ ስምንት ሰው ሳይሆን ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር ማንኛውም ጥንድ፣ ማንኛውም ኤስ፣ አብዛኛው ኪንግ ለመግፋት ይበቃል። ጀማሪዎች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ እኔም ደንግጬ ነበር፣ ለብዙ ሳምንታትም «ይቺን እጅ ልለፋት» እያልኩ ሦስት ብላይንድ እስኪቀረኝ እጠብቅ ነበር። በሦስት ብላይንድ ደግሞ ማንም አይጥልልዎትም።

መልስ፦ ቀስ በቀስ

ሁለቱም ወገኖች የጻፉት እውነት ሆኖ ሳለ፣ በ1 ዶላር ውድድር ላይ በተግባር ሲውል አንድ ነገር ይጎድለዋል። እዚህ ደረጃ ላይ ያሉ ተጫዋቾች መጣል አይወዱም። ሁልጊዜ የሚቀበል ሰው በትልቁ ብላይንድ ላይ ተቀምጦ እያዩ ደካማ ካርታ ይዞ መክፈት፣ 47 በመቶ ይጥላሉ የሚለውን ግምት ራሱን ያፈርሰዋል። መስረቅ ያለብዎት መጣል ከሚችል ሰው ነው፤ ስለዚህ ካርታዎን ከማየትዎ በፊት በግራዎ ማን እንደተቀመጠ ይዩ።

ከዚሁ ጋር በተያያዘ ብላፍን (ደካማ ካርታ ይዞ በውርርድ ማስፈራራትን) ለጊዜው ይርሱት ብል ማጋነን አይሆንም። በፍሎፕ (የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች ሲወጡ)፣ በተርን (አራተኛው ሲወጣ) እና በሪቨር (አምስተኛው ሲወጣ) ላይ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ማስፈራራት የሚሠራው ተጋጣሚው ስለ እርስዎ እጅ የሚያስብ ከሆነ ነው፤ እዚህ ያለው ሰው የሚያስበው ስለ ራሱ ጥንድ ብቻ ነው። ይልቅስ ጠንካራ እጅ ሲኖርዎት ውርርድዎን ከፍ ያድርጉ። በመካከል 100 ቺፕ ካለ 30 ሳይሆን 70 ወይም 80 ይጫኑ፤ የሚቀበልዎት ሰው በሁለቱም መጠን ይቀበላል።

እርስዎም በተራዎ ሲቀበሉ ዋጋውን ይቁጠሩ። አራት አንድ ዓይነት ምልክት ይዘው ፍላሽ (አምስት አንድ ዓይነት ምልክት) እየጠበቁ ነው እንበል፤ በተርን ላይ ሆነው ተጋጣሚዎ 100 ባለበት ላይ 50 ቢጭን፣ 50 ከፍለው በጠቅላላው 200 ለማግኘት ስለሚሞክሩ 25 በመቶ ያስፈልግዎታል። ከማያዩዋቸው 46 ካርታዎች የሚጠቅሙዎት 9 ናቸው፤ 20 በመቶ አይሞላም። ፍላሹ ከመጣ በኋላ ብዙ የሚከፍልዎት ሰው ካልሆነ መጣል ነው። ውድድሩ ገና ሲጀምር ትናንሽ ጥንዶችን በርካሽ መጫወት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከጥንዱ ጋር የምትመሳሰለው ሦስተኛዋ ካርታ በፍሎፕ ላይ የምትወጣው ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ጊዜ አንዴ ያህል ስለሆነ፣ ከኋላዎ በቂ ቺፕ ከሌለና ተጋጣሚዎም ብዙ ከሌለው ድካሙን አትከፍልም።

የመማር ቅደም ተከተሉን በተመለከተ ከ«ሒሳብ ወዳድ» ጋር እለያለሁ። አይሲኤምን አሁን አያጥኑት፤ «ሽልማቱ ሲቃረብ በመቀበል ላይ እቆጠባለሁ፣ በመግፋት ላይ አልቆጠብም» የሚለውን ብቻ ይያዙ። ቅድሚያ ለመቀመጫ ቦታ፣ ቀጥሎ ከ15 ብላይንድ በታች ላለው አጨዋወት ይስጡ።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር ልበል። 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም የሚያስከፍል ውድድር 100 ጊዜ ቢገቡ ከ110 ዶላሩ 10ሩ ለጨዋታው መድረክ ይቀራል፤ ከሌሎቹ እኩል መጫወት ብቻ ኪሳራ ነው ማለት ነው። በሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች በሚሞሉ ውድድሮች ላይ ደግሞ ሽልማቱ በላይኛዎቹ ጥቂት ደረጃዎች ላይ ስለሚከማች ጎበዝ ተጫዋች እንኳን ለረጅም ጊዜ ሊከስር ይችላል። ቢያንስ ለ100 መግቢያ የሚበቃ፣ ቢጠፋም የማያናጋዎት ገንዘብ ካልመደቡ ገንዘብ በማያስገቡባቸው ውድድሮች ይለማመዱ፤ አንዱን ሲሸነፉ ለማካካስ ወደ 5 ዶላሩ መዝለልም አይገባም።

ጠያቂ፦ አዲስ መጤ

ሦስታችሁንም አመሰግናለሁ። የ61 በመቶውን ስሌት በወረቀት ላይ ደግሜ ሠርቼው መጣልኝ። «ዝምተኛው ወንበር» ያሉትን ለማጣራት ደግሞ የመጨረሻዎቹን 20 ውድድሮቼን የእጅ መዝገብ ከፍቼ ተመለከትኩ፤ በ13ቱ ላይ የመጨረሻ ኦል ኢን የገባሁት ከ6 ብላይንድ በታች ይዤ ነው። ከእነዚያ በፊት 12 ወይም 14 ብላይንድ ይዤ በአዳዩ ቦታ ላይ ኤስ-ሦስት፣ ኪንግ-ዘጠኝና ጥንድ አራትን የመሳሰሉ እጆችን የጣልኩባቸው ብዙ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤ 14 ብላይንድ ይዤ ከፍቼ አንዱ ኦል ኢን ቢመልስብኝ፣ 2.2 ብላይንዱን ትቼ መጣል አይከብድም?

መልስ፦ ዝምተኛው ወንበር

አይከብድም፤ 11.8 ይዘው ይቀራሉ፣ ያ ገና የሚያስፈራ ግፊት ነው። ኪንግ-ዘጠኝን ከፍተው ከተመለሰብዎት ይጣሉ። ጥንድ አራትንና ኤስ-ሦስትን ግን ከፍቶ መጣል ስለሚያስቆጭ፣ በ14 ብላይንድ ላይ እነዚህን እኔ መጀመሪያውኑ እገፋቸዋለሁ። «ቀስ በቀስ» እንዳሉት በብላይንዶቹ ላይ የተቀመጠውን ሰው ዓይነት መመልከት ሳይረሳ ነው። በሚቀጥለው ውድድር ከእነዚህ አንዱ ሲገጥምዎ የእያንዳንዱን ሰው ቺፕ፣ ብላይንዱንና የመቀመጫ ቅደም ተከተሉን እዚሁ ያስፍሩልን፤ አብረን እንቆጥረዋለን።