የ401ኬ ደብዳቤ ተመልሶብኛል፣ የድሮ ሠራተኞችን እንዴት ላግኛቸው?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ። አለቃዬ ጡረታ ሊወጣ ነው ካምፓኒው እየተዘጋ ስለሆነ 401ኬውም (ከሠራተኛው ደሞዝ እየተቆረጠ የሚጠራቀመው የጡረታ ብር) ይዘጋል፣ ለ43 ሰው ማስታወቂያ ልከን 11 ፖስታ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበት ተመልሶ ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልሏል። አብዛኞቹ የኛ ልጆች ናቸው፣ ፓርኪንግ ሲሠሩ የነበሩ፣ ስልካቸው ላይ ስደውል ሌላ ሰው ነው የሚያነሳው። ሰኞ መልስ ይፈልጉብኛል ምን ላድርግ?

ቨርጂኒያ፦ በሰርቲፋይድ ሜይል ላኪው እህቴ፣ ተቀባዩ ፈርሞ በሚረከበው ፖስታ።

የዲሲው፦ ቆይ አንቺ ምን አስጨነቀሽ? ልከሻል፣ ተመለሰ፣ በቃ። የፈለገ ራሱ ይመጣል፣ ካልመጣ ብሩ ለአሠሪው ይሆናል አይደል?

ጠያቂ፦ አይሆንም! ከደሞዛቸው የተቆረጠ ብር ነው። ከአንዷ ጋር የማታ ሺፍት አብረን ሠርተናል፣ በስኖው ጊዜ እግሯን በፌስታል ጠቅልላ የፓርኪንጉ ቡዝ ውስጥ ገብታ ነበር ቆማ የምታድረው። እንዴት ነው ብሯን ዝም ብዬ የምተወው?

ሂሳብ ሠራተኛ፦ ልክ ነሽ፣ ደብዳቤው ስለተመለሰ ኃላፊነቱ አይወርድም። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር፣ ዲፓርትመንት ኦፍ ሌበር፣ በ2014 እንደ 401ኬ ላሉ ለሚዘጉ ፕላኖች ባወጣው መመሪያ ሰርቲፋይድ ሜይል መላክ ግድ ነው፣ ሌሎች የካምፓኒው ፋይሎችን ማየትም አለ ለምሳሌ የሄልዝ ኢንሹራንሱን፣ ቤኔፊሺያሪ (ሠራተኛው ቢሞት ብሩን የሚወርስ) ተብሎ የተጻፈውን ሰው መጠየቅ፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ መፈለግ። የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ድሮ ደብዳቤ ያስተላልፍልሽ ነበር በ2012 አቁሟል፣ ሶሻል ሴኩሪቲም በ2014 አቁሟል፣ እነሱ ጋ አትልፊ። የሞከርሽውን ሁሉ ከነቀኑ ጻፊ፣ ማስረጃሽ እሱ ነው።

ቨርጂኒያ፦ እኮ፣ ሰርቲፋይድ ሜይል አልኩ።

ሲያትል፦ ሰርቲፋይዱም የሚሄደው እዛው አሮጌው አድራሻ ነው እኮ። የኛ ሰው የሚጠፋው በስሙ ነው። ወልደ ወይ ገብረ ያለበትን ስም ሁለት ቦታ ቆርጠው ወልደን ሚድል ኔም ያደርጉታል፣ ፀሐይን አንዱ በቲኤስ ሌላው በኤስ ብቻ ይጽፈዋል፣ ሲመጣ ላስት ኔሙ የአያቱ ስም የነበረ ሰው ሲትዝን ሲሆን የአባቱን አድርጎ ይቀይረዋል። በአንድ አጻጻፍ ፈልገሽ የለም አትበዪ፣ የሚቻለውን አጻጻፍ ሁሉ ደርድሪና አንድ በአንድ ሞክሪ።

የዲሲው፦ እሺ ተሸነፍኩ። ስማቸውን እዚህ ጻፊልንና እናፈላልግ፣ ሀበሻ እስከ ማታ ሰባት ቤታቸውን ይነግርሻል 😄

ሚኒሶታ፦ አደራ እንዳትለጥፊ!! ስምና ብር አንድ ላይ ከወጣ ሌባ ነው ቀድሞ የሚደውልላቸው። ለዕድር ሰብሳቢውና ለቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ለብቻ ደውይ፣ የብር ነገር ሳታነሺ "ድሮ የሠራበት ቦታ ይፈልገዋል፣ በዚህ ስልክ ይደውል" ብቻ በይ። ሙስሊሞቹን መስጊድ ጠይቂ።

ጠያቂ፦ አሁን የቤኔፊሺያሪ ፎርሞቹን አወጣሁ። አንዱ እህቱን ነው የጻፈው፣ ስልኩ 09 ብሎ የሚጀምር የኢትዮጵያ ነው። ልደውል?

ሂሳብ ሠራተኛ፦ ደውይ እንጂ። ስንት ብር እንዳለው አትንገሪያት፣ ደብዳቤውን ታድርስለት ወይ ራሱ ይደውልልሽ። ሁሉንም ሞክረሽ ያልተገኘ ካለ ፒቢጂሲ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጠፉ ሰዎችን ድርሻ ተረክቦ ይይዛል፣ ከ2018 ወዲህ የሚዘጉ 401ኬዎችንም ይቀበላል፣ ከ250 ዶላር በላይ ለሆነ አካውንት አንዴ 35 ዶላር ያስከፍላል። ካምፓኒው ተዘግቶ አለቃሽ ከሄደም በኋላ ሰውየው እዛ ያገኘዋል። አለቃሽን አሁኑኑ አስወስኚው፣ ሰኞ የምትይዢው መልስ ይሄ ነው።

ጠያቂ፦ አዲስ አበባ አሁን ሌሊት ነው፣ ሲነጋላቸው እደውላለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ቨርጂኒያ፦ ሰርቲፋይዱንም እንዳትረሺ።

ዴንቨር፦ ይቅርታ ጥያቄ ልጨምር፣ እኔም ከ2011 እስከ 2013 ፓርኪንግ ሠርቻለሁ፣ ብር ይቆረጥብኝ እንደነበር ትዝ አይለኝም። የድሮ ዳብሊው ቱዬ (አሠሪው በየዓመቱ የሚሰጠው የደሞዝና የታክስ ወረቀት) አለ፣ ይጠቅማል?

ሲያትል፦ ቦክስ 12 ላይ ዲ የሚል ፊደል ካለ አጠገቡ ያለው ቁጥር ወደ 401ኬ የገባ የራስህ ብር ነው። ከ2024 ታኅሣሥ ጀምሮ ዲፓርትመንት ኦፍ ሌበር ሪታየርመንት ሴቪንግስ ሎስት ኤንድ ፋውንድ የሚል የጠፋ የጡረታ ብር መፈለጊያ ኢንተርኔት ላይ ከፍቷል፣ በሎግን ዶት ጎቭ (በመንግሥት መግቢያ አካውንት) ነው የሚገባው። እሱንም እየው፣ ዳብሊው ቱውን ግን እንዳትጥል።