ሬቪት ላይ የአንዱን ክፍል ቀለም ስቀይር ሌላውም አብሮ ይቀየራል

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በሬቪት (የሕንፃ ዲዛይን ሶፍትዌር) ጂ+2 መኖሪያ ቤት እየሠራሁ ነው። የሳሎኑን ግድግዳ ክሬም አደረግሁት። ለመኝታ ቤቱ ያንኑ ማቴሪያል ዱፕሊኬት አድርጌ «ቀለም መኝታ» ብዬ ሰየምኩት፤ አፒራንስ (የማቴሪያሉ መልክ) ውስጥ ገብቼም ሰማያዊ አልኩት። ሬንደር ሳደርግ (እንደ ፎቶ ያለውን ምስል ሳወጣ) ሳሎኑም ሰማያዊ! ስማቸው የተለያየ ነው፣ ሦስቴ አይቻለሁ። የሚገርመው ሼድድ (ስሠራ የማየው ተራ እይታ) ላይ ሁለቱም ክሬም ናቸው። ደንበኛዬ ምስሉን ነገ ጠዋት ትፈልጋለች። ፎቶሾፕ ላይ ልቀባው እንዴ?

መልስ 1
ወንድሜ፣ ፎቶሾፑን ተወው። ማቴሪያሉ ሁለት ሆነ እንጂ አፒራንሱ አንድ ነው፤ ሁለቱ ይጋሩታል። አፒራንስ ታብ ላይ ከላይ ትንሽ የእጅ ምልክት አለች። ቁጥሯ 0 ካልሆነ ሌላ ማቴሪያልም እየተጠቀመበት ነው። «ቀለም መኝታ»ን ምረጥና እዚያው ታብ ላይ ያለችውን ዱፕሊኬት ተጫን። ከማቴሪያሎቹ ዝርዝር ታች ያለችውን አይደለም፣ እሷ ናት ጉድ የሠራችህ። ሰማያዊው ለመኝታ ቤቱ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ወደ ሳሎኑ ተመለስና ክሬሙን መልስለት።

መልስ 2
ሼድድ ቀለሙን የሚወስደው ከግራፊክስ ታብ ነው፣ ለዚህ ነው ያልተቀየረው። እዚያ «ዩዝ ሬንደር አፒራንስ» ላይ ምልክት ካደረግህ ይመሳሰላሉ። እኔ ግን አላደርገውም፤ ለሥራ የደበዘዘ ቀለም ይሻለኛል።
ሴራሚክ ከገባህበት ደግሞ ሳምፕል ሳይዙን (የሴራሚኩ ፎቶ በእውን የሚሸፍነውን መጠን) እይ። 60 በ 60 ነው ብለህ 60 ሳንቲ ብትጽፍ፣ ፎቶው ላይ ያሉት ግን ሁለት በሁለት አራት ሴራሚኮች ቢሆኑ፣ ወለልህ 30 በ 30 ይሆናል። 1.2 ሜትር ነው የሚባለው። እኔ ይሄን ያወቅሁት ባለቤቱ «ይሄ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ነው» ብሎ ከሳቀብኝ በኋላ ነው።
የራስህን ፎቶ ከተጠቀምክ ደግሞ ሬቪት ፎቶው ያለበትን ቦታ እንጂ ፎቶውን አያስቀምጥም። ፋይሉን ብቻ በፍላሽ ይዘህ ብትሄድ እዚያ አይታይህም።

ጠያቂው
ኧረ እግዜር ይስጣችሁ! እጇ ላይ 6 ይላል። ለካ የቤቱን ቀለም ሁሉ ከአንዱ እያባዛሁ ኖሯል። ለየብቻ አደረግኋቸው፣ ሳሎኑም ክሬም ሆነ። ሴራሚኩንም 1.2 አልኩት፣ ልክ መጣ። ፎቶዎቹ ግን ዴስክቶፕ ላይ ተበታትነዋል፤ ነገ ከመሄዴ በፊት ሬንደሩን እዚሁ ጨርሼ ምስሉን ብቻ እይዛለሁ።