የጊታሩ ጌም ቲቪ ላይ ሲሆን ሁሌ የምንዘገየው ለምንድን ነው?

የአራት ኪሎ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። አጎቴ ባለፈው ወር ከአሜሪካ ሲመጣ ልጆቹ ሲጫወቱበት የነበረውን የጊታር ሂሮ (ከዘፈን ጋር እየመታህ የምትጫወተው ጌም) ጊታር አመጣልኝ። ባለገመዱ ነጩ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለኤክስቦክስ 360 ከጊታር ሂሮ ሁለት ጋር የወጣው። ኤክስቦክስ የለኝም፣ ግን ዩኤስቢውን ላፕቶፔ ላይ ስሰካው ወዲያው አወቀው፣ ክሎን ሂሮ የሚባለውን ነፃ ጌም ጫንኩና እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አመሸሁበት። ለማታውቁት፣ አንገቱ ላይ አምስት ቁልፎች አሉ። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ። ስክሪኑ ላይ ቀለሞቹ ወደ አንተ እየወረዱ ይመጣሉ፣ መስመሩ ጋ ሲደርሱ በግራህ ቁልፉን ይዘህ በቀኝህ መምቻውን ትመታለህ። በቃ ይኸው ነው።

ችግሩ ቅዳሜ ነው የመጣው። የእህቴ ልጆች ቤት መጡና ሁላችንም እንድናይ ላፕቶፑን ከሳሎኑ ቲቪ ጋር በኤችዲኤምአይ አገናኘሁት፣ ድምፁን ደግሞ በብሉቱዝ ስፒከር አደረግኩት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ላፕቶፑ ላይ ከመቶ ዘጠናውን የምመታውን ዘፈን ሩቡን እንኳ መምታት አቃተኝ። ልጆቹም እንደዛው። ትንሹ «የኔ እጅ አይችልም» ብሎ ጊታሩን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ወጣ። እሱ ነው ያሳዘነኝ። ጊታሩ ተበላሽቶ ነው ወይስ እኛ ነን?

ሽቦ ቀጣይ

ወንድሜ፣ ጊታሩም ደህና ነው፣ የልጁም እጅ ደህና ነው። ዛሬውኑ ደውለህ ንገረው። ጥፋቱ የስፒከሩ ነው፣ ከእሱ ቀጥሎ የቲቪው።

ብሉቱዝ ድምፁን መጀመሪያ ይጨምቀዋል፣ ከዚያ ይልከዋል፣ ስፒከሩ ደግሞ መልሶ ይፈታዋል። ይሄ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል፣ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ። ፊልም ስታይ አይታወቅህም፣ ብዙዎቹ ማጫወቻዎች ምስሉንም አብረው ስለሚያዘገዩልህ። ጌም ላይ ግን አስበው። በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን ላይ አንዷ ምት 500 ሚሊሰከንድ ናት። ለአራት ስትከፍላት 125። ስፒከርህ ያን ያህል ከዘገየ፣ በጆሮህ ሰምተህ በትክክል የመታኸው ኖታ ለጌሙ የሚቀጥለው ኖታ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። እንደውም ጆሮው ጥሩ የሆነ ሰው የበለጠ ይሳሳታል፣ ከዓይኑ ይልቅ ድምፁን ስለሚከተል። ልጁ ጆሮ ሳይኖረው አይቀርም።

ስለዚህ ብሉቱዙን ተወውና በገመድ አድርገው። ቲቪው ላይ ሴቲንግ ገብተህ ጌም ሞድ የሚለውን አብራ፣ ምስሉን ለማሳመር የሚያጠፋውን ጊዜ ይቀንስልሃል። ከዚያ ክሎን ሂሮ ውስጥ ካሊብሬሽን አለ፣ ድምፁን እየሰማህ ስትመታ መዘግየቱን ለክቶ ያስተካክልልሃል። ቲቪ በቀየርክ ቁጥር እንደገና አድርገው።

የመጀመሪያው ጊታር ሂሮ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ ብዙ ሰው ቤት የነበረው ያ ከኋላው ወፍራም የሆነው ቲቪ ነው። እሱ የሚዘገይ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ችግሩ የጎላው ጠፍጣፋዎቹ ሲመጡ ነው፣ ለዚህም ነው በ2008 ሮክ ባንድ ሁለት ከሚባለው ተመሳሳይ ጌም ጋር የወጣው ጊታር ውስጥ ብርሃንና ድምፅ የሚያነብ ሴንሰር አስገብተው ራሱ እንዲለካ ያደረጉት። ጎረቤትህ ጋ የድሮው ቲቪ ካለ እንዳይጥሉት ንገራቸው።

የፒያሳዋ

የባለገመዱ ባለቤት ስለሆንክ ደስ ይበልህ! እኔ ገመድ አልባውን፣ የፕሌይስቴሽን ሦስቱን፣ ያገለገለ ገዝቼ ቤት ስደርስ ዩኤስቢዋ ትንሿ መቀበያ የለችም። ሻጩም ምን እንደሆነች አያውቅም። ያለሷ ጊታሩ ከምንም ጋር አይገናኝም፣ የሌላ ሞዴል መቀበያም አይሠራለትም። እባካችሁ መቀበያዋን ሳታዩ ብር አትክፈሉ። መምቻውንም ወደ ላይም ወደ ታችም ደጋግማችሁ ሞክሩት፣ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው።

ከበሮውን የምታስቡም ካላችሁ፣ የሮክ ባንዱ በዱላ የሚመቱ አራት ሰሌዳዎችና አንድ የእግር ፔዳል ነው ያለው፣ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ግን ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ከፔዳሉ ስር ወፍራም ምንጣፍ አድርጉ። ድምፁ በወለሉ አልፎ ታች ቤት ይሰማል፣ እኛ ጋ እማማ ሁለቴ ወጥተው ለምነውኛል።

ክራር በአምስት ኪሎ

ሽቦ ቀጣይ ጨርሶታል። እኔ ሌላ ነገር ልጨምር።

እኔ ክራር ነው የምጫወተው። ክራር ስትደረድር ቀኝ እጅህ ክሮቹን ሁሉ ይመታል፣ ግራህ ደግሞ የማትፈልጋቸውን ያፍናል፣ የምትፈልገውን ይለቃል። እዚህ ጊታር ላይ ግን የምትፈልገውን ነው የምትይዘው። የመጀመሪያ ቀን ጣቶቼ እርስ በርስ ተጣሉብኝ። እውነተኛ ጊታር ያስተምራል አልልም፣ ግራና ቀኝህን በአንድ ምት ላይ ማገናኘት ግን ያስተምራል፣ ጀማሪ ተማሪዎቼ የሚቸገሩት ደግሞ እሱ ላይ ነው።

ዋናው ግን ይሄ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ ሁሉም አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። ጊታሩ ላይ አምስት ቁልፍ አለ! ሙንስክሬፐር የሚባል ነፃ ማዘጋጃ አለ፣ ያለህን ዘፈን አስገብተህ ኖታውን ራስህ ትደረድራለህ። ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ቀለም ስጠው፣ ዜማው ከአምስቱ በላይ ሲወጣ እንደገና ከአረንጓዴው ጀምር። ልጆቹ ሳያውቁት ቅኝቱ ጣታቸው ውስጥ ይገባል። የሚያውቁትን ዘፈን ሲመቱ ፊታቸውን ብታየው!

ስትጀምር በኪቦርድ የተሠራ ዘፈን ምረጥ፣ ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው። በባንድ በቀጥታ የተቀረፁት የድሮዎቹ ዘፈኑ ሲሞቅ ይፈጥናሉ፣ ስለዚህ በየጥቂቱ ፍጥነቱን ማስተካከል አለብህ። አንዱ ዘፈን ብቻ ሦስት ማታ ፈጅቶብኛል፣ ሲያልቅ ግን ሰፈሩን ሁሉ ጠርቼ ነው ያጫወትኩት።

የአራት ኪሎ ልጅ

ስፒከሩን በገመድ አደረግኩ፣ ጌም ሞድ አበራሁ፣ ካሊብሬት አደረግኩ። ቲቪው ላይ 88 ከመቶ! ለትንሹ ደውዬ «እጅህ ደህና ነው፣ ስፒከሩ ነው የዘገየው» ስለው እሁድ ከሰዓት አምጡኝ ብሎ እናቱን ይዟታል።

ሙንስክሬፐርንም ጫንኩት። አንድ ችክችካ መርጬ ስድስት ስምንተኛ ላይ (በአንድ ዙር ስድስት ቆጠራ ያለው ምት) አደረግኩት፣ እዚያ ላይ ነው የቆምኩት። ስቆጥር ስድስቱንም ልቁጠር ወይስ ሁለቱን ከባዶቹን ብቻ?

ክራር በአምስት ኪሎ

ሁለቱን። ከበሮው ጠንክሮ የሚያርፍበትን ያዝ፣ በመሃል ያሉትን ለጊዜው ተዋቸው። የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ ስትጨርስ ፋይሉን ላክልኝ፣ ከእሁድ በፊት አየዋለሁ።