የዘማቾች መታሰቢያ ሐውልታችን አረንጓዴ እያወረደ ነው፤ ተፍቆ ይብራ ወይስ እንዳለ ይቆይ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ወታደሮች የቆሰለ ጓዳቸውን ደግፈው ሲሄዱ የሚያሳይ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ የሚበልጥ የነሐስ ሐውልት በአደራ ይዘናል። የቆመው በነጭ የኖራ ድንጋይ መደብ ላይ ነው። ድሮ ጥቁር ቡናማ ነበር። አሁን ዝናብ የሚያገኘው ትከሻቸውና የራስ ቁራቸው አረንጓዴ ሆኗል፤ ከካፖርታቸው ጫፍ የሚወርደው ውሃም ድንጋዩን እያቀለመው ነው። ይበልጥ ያሳሰበን አንዱ ቦት ጫማ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ካለው የብየዳ መስመር ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ይወጣል፤ ቢጠረግም በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ከሥሩ ደግሞ ዝገት የመሰለ ውሃ ይንጠባጠባል። የመታሰቢያው ቀን 2 ወር ቀርቶታል። ከኮሚቴው ግማሹ «በግራይንደር የሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ወርቅ ይምሰል» እያለ ነው። የስም ሰሌዳውም መነበብ አቅቶታል። ምን ትመክሩናላችሁ?

ሰም ቀቢ፦ የሽቦ ብሩሹን በፍጹም እንዳታስነኩት። ያ ጥቁር ቡናማ ቀለም ቆሻሻ አይደለም። ቀራጺው ነሐሱን በጋዝ ነበልባል እያሞቀ፣ በፖታሲየም ሰልፋይድ ወይም በብረት ናይትሬት የሰጠው ቀለም ነው፤ ፓቲና የሚባለው እሱ ነው። ብሩሹ ፓቲናውን ብቻ አይወስድም። የቆሰለውን ወታደር የዓይን ቆብ፣ የደጋፊውን እጅ ደም ሥር፣ የካፖርቱን ስፌት ጠርዝ በቅርብ እዩት፤ ጥልቀታቸው ከ1 ሚሊሜትር አይበልጥም። አንዴ ከተፋቁ ማንም አይመልሳቸውም። ከሽቦው የሚረግፈው የብረት ብናኝም ነሐሱ ላይ ተሰክቶ ይዝጋል። ወርቅ የመሰለው ገጽ ደግሞ መከላከያ ካልተቀባ ደጅ ላይ በሳምንታት ውስጥ ይደበዝዛል፣ ያውም ወጣ ገባ ሆኖ።

የትከሻው አረንጓዴ በዝናብና በአየር ውስጥ ባለ ሰልፈር የተፈጠረ የመዳብ ውህድ ነው። ከሥሩ ካለው ጋር የተያያዘና ጠንካራ ከሆነ ተዉት፤ ሰም ሲያገኝ ራሱ ይጠቁራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ከጀርባ በኩል የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ሞክሩና ስትደርቅ እዩዋት። ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ ከ5 እስከ 10 ሚሊሊትር ገለልተኛ ፈሳሽ ሳሙና አድርጋችሁ፣ በለስላሳ የፀጉር ብሩሽ እጠቡ። የወፍ ኩስ አሲድ ስላለው ፓቲናውን ይበላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ካለሰለሳችሁት በኋላ በእንጨት ስንጥር አንሱት። በረኪና፣ አሞኒያ ያለው ማጽጃ፣ ሎሚና ኮምጣጤ አይቅረቡት። የግፊት ማጠቢያ ማሽንም አያስፈልግም፤ ውሃውን በየስንጥቁ ያስገባዋል። ሳሙናው ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ አለቅልቁና ቢያንስ 24 ሰዓት ይድረቅ።

ለሰሙ ማይክሮክሪስታሊን የሚባለውን፣ ከነዳጅ ዘይት የሚወጣውን ሰም ፈልጉ። የንብ ሰም በውስጡ አሲድ ስላለው ብቻውን አይመከርም፤ ሲሊኮን ያለው የመኪና ሰም ደግሞ በኋላ ለማስለቀቅ ያስቸግራል። ልምድ ያለው ሰው ካገኛችሁ ነሐሱን በነበልባል በጥቂት በጥቂቱ እያሞቀ ይቀባው። ነበልባሉ አንድ ቦታ ላይ መቆም የለበትም። ሰሙ እንደነካ ወዲያው ቀልጦ ከተሰራጨ ሙቀቱ ልክ ነው፤ ካጨሰ አልፏል፣ ፓቲናውም ሊለወጥ ይችላል። ልምድ ያለው ከሌለ በቀዝቃዛው ይቀባ። ሁለት ጊዜ፣ እጅግ ስስ አድርጎ፣ በየመካከሉ በጥጥ ጨርቅ መወልወል ነው። ወፍራም ሰም አቧራ ይይዛል፣ በየጎድጓዳው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ዝናብ ሲጥል ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ከወረደ ሰሙ አለ ማለት ነው፤ ተዘርግቶ ካረጠበው እንደገና ይቀባ። ብዙ ጊዜ በዓመት አንዴ ይበቃል።

ነሐስ አፍሳሽ፦ ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ግን የእናንተ ዋና ችግር ቦት ጫማው ነው። ተጠርጎ የሚመለስ ነጣ ያለ ዱቄት የክሎራይድ (ጨው ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር) ምልክት ነው፤ «የነሐስ በሽታ» የሚሉት። ክሎራይዱ እርጥበትና ኦክስጅን ሲያገኝ አሲድ ይፈጥራል፣ አሲዱ መዳቡን ይበላል፣ ከዚያም አዲስ የመዳብ ክሎራይድ ይወለዳል። ዑደቱ ራሱን ስለሚመግብ መጥረግ ብቻ አያቆመውም። ጨው ከባሕር አየር፣ ከመንገድ ጨው፣ በበረኪና ከመታጠብ፣ ወይም ውስጥ ከቀረ የማፍሰሻ ቅሪት ሊመጣ ይችላል።

የዝገቱ ውሃ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። ሐውልቱ ውስጡ ባዶ ነው፤ ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ነው። ውስጡ የሚያቆመው የብረት አጽም፣ ምናልባትም ሲፈስ ያልወጣ የጂፕስና የአሸዋ ቅሪት አለ። ቅሪቱ ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ ይቆያል። ብረት ሲዝግ ደግሞ ያብጣል፣ የብየዳውን መስመር ከውስጥ ገፍቶ ይከፍተዋል። ስለዚህ ከእግሮቹ በታች የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችን ፈልጉ። በአፈር ወይም በሲሚንቶ ተደፍነው ይሆናል፤ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ዘንግ ክፈቷቸው። በቀዳዳው ትንሽ ካሜራ ማስገባት ከተቻለ የአጽሙ ሁኔታ ይታያል። ስንጥቁን ከውጭ በሲሊኮን መድፈን ትልቁ ስሕተት ነው፤ ውሃው መግባቱን አያቆምም፣ መውጫ ግን ያጣል።

ሕክምናው የባለሙያ ሥራ ነው። ዱቄቱን በማጉያ መነጽር እያዩ በስል ቢላዋ እስከ ጤነኛው ነሐስ ማውጣት፣ በዲስቲልድ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ በአልኮል የተበጠበጠ 3 በመቶ ቤንዞትራያዞል (መዳብ እንዳይበላ የሚከላከል ኬሚካል) መቀባት። ኬሚካሉ ጤና ስለሚጎዳ ጓንትና የመተንፈሻ ጭምብል የግድ ነው፤ በጎ ፈቃደኞች አይንኩት። የበሰበሰው አጽምና ብሎን 316 በሚባለው የማይዝግ ብረት (ስቴንለስ) ቢተካ፣ ከነሐሱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ የናይሎን ማለያያ ቢገባ ይመረጣል።

ድንጋይ ጠራቢ፦ ስለ መደቡ፦ የኖራ ድንጋይ አሲድ ሲነካው ይሟሟል፤ ዕድፉን በአሲድ ማንሳት ድንጋዩን ራሱን ማንሳት ነው። የሚሠራው ለጥፍ ነው። የወረቀት ፐልፕ ወይም ነጭ ሸክላ በአሞኒየም ካርቦኔት ውሃ ተለውሶ ጣት በሚያህል ውፍረት ይለጠፋል፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ አንድ ቀን ያድራል፣ ከዚያ ተነስቶ ይታጠባል። ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ሊያስፈልግ ይችላል። ለጥፉ ግን ነሐሱን እንዳይነካ፤ አሞኒያ መዳብን ያሟሟል። ይህን የምትሠሩት ከላይ ሐውልቱ ሰም ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ነው፣ አለዚያ የዕድፉ መስመር ይመለሳል።

ሰሌዳው ላይ ድሮ የተቀባ ላከር (ብርሃን የሚያሳልፍ መከላከያ ቫርኒሽ) ካለ ጫፍ ጫፉን እዩት። የተሰነጠቀ ላከር ውሃ ከሥሩ ያሳልፋል፣ ጥቁር ክር የመሰለ ዝገት ይሠራል። ቁርጥራጩ ላይ ደርቦ መቀባት አይጠቅምም፤ ሁሉም በአሟሚ ፈሳሽ ተነስቶ እንደገና ይቀባ። ፊደሎቹ ከሰሌዳው ገጽ ከፍ ያሉና በመጀመሪያውም የተወለወሉ ከሆኑ፣ ጫፋቸውን ብቻ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ ደቃቅ መወልወያ ጨርቅ ማብራት ይቻላል። የእያንዳንዱ ዘማች ስም ሳይሸራረፍ መነበብ አለበት፣ ስለዚህ ማሽን አይግባበት።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። በ2 ወር ውስጥ ሁሉም ይደርሳል?

ነሐስ አፍሳሽ፦ እጥበቱና ሰሙ ከነማድረቂያው በአንድ ሳምንት ያልቃል። የቦት ጫማው አይቸኮልበት። እስኪታከም ድረስ ዱቄቱ በደረቅ ብሩሽ ይነሳ፣ ቀዳዳው ክፍት ይሁን፤ መስመሩ ላይ ግን ሰም አትቀቡ፣ ክሎራይዱን ከነእርጥበቱ ትዘጉበታላችሁ። በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ባለሙያው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምን ያህል እንደሰፋ ነው።