ቪትዝን በማሽን ፖሊሽ ማድረግ፦ ጀማሪ ከየት ይነሳ?

ጠያቂ (አዳማ)
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ጥቁር ሰማያዊ ቪትዝ ናት። ፀሐይ ሲያርፍባት ኮፋኖውና ጣሪያው ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ይታያል። ግቢ ውስጥ ራሴ በማሽን ላወጣው ፈልጌ ነበር። የብረት መቁረጫው ግራይንደር ላይ የሱፍ ፓድ ቢገጠም ይሠራል? ኮምፓውንዱስ (ጭረት የሚፍቀው ቅባት) ስንት ቁጥር ይሁን?

ኮፋኖ
ግራይንደሩን ተወው ወንድሜ። በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ይሽከረከራል፤ ለቀለም ተብሎ የተሠራው ሮታሪ ፖሊሽ ማሽን እንኳ ከ600 እስከ 3,000 ገደማ ነው። ሱፍ ታክሎበት አንድ ቦታ ትንሽ ከቆየ ክሊሩን (ከቀለሙ በላይ ያለውን ግልጽ ሽፋን) ያቃጥለዋል። ለጀማሪ የሚሻለው ዱዋል አክሽን የሚባለው ማሽን ነው፤ ፓዱ እየዞረ ስለሚወዛወዝ ሙቀት አንድ ቦታ አይከማችም።

የኮምፓውንድ ቁጥር ከአምራች አምራች ይለያያል፤ እሱን አትከተል። በለስላሳ ፓድና ከኮምፓውንድ ባነሰ በሚፍቅ ፖሊሽ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ቦታ ላይ ሞክር፤ ካልወጣ ብቻ ወደ ጠንካራው እለፍ።

አሠራሩ፦ በላርጎ እጠብ፣ በክሌይ (የተጣበቀ ቆሻሻ የሚያነሳ ሊጥ መሰል ማጽጃ) አሸው፣ አድርቅ። ጠርዞችን፣ ጎማና ጥቁር ፕላስቲክን በወረቀት ፕላስተር ሸፍን፤ ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ ነው፣ ፕላስቲኩ ላይ የደረቀ ኮምፓውንድ ደግሞ በጥርስ ብሩሽም በቀላሉ አይለቅም። ሽምብራ የሚያክል 4 ጠብታ ፓዱ ላይ አድርግና ማሽኑን ሳታስነሳ ቀባው፤ አለዚያ ግድግዳው ሁሉ ይረጫል። በ1 ወይም 2 ፍጥነት አዳርሰህ ወደ 4 ወይም 5 ከፍ አድርግ። እጅህ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይሂድ፣ እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን ግማሽ ይደርብ። አንዴ አግድም አንዴ ቁልቁል፣ በድምሩ ከ4 እስከ 6 ጊዜ።

ፓዱ የሚገጠምበት ሳህን ጎን ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምርበት። መስመሩ ሲዞር ካልታየህ ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ነው እንጂ እየሠራ አይደለም፤ ወይ በጣም ተጭነሃል ወይ አዘንብለሃል።

ቀለም ቤት
ኮፋኖ ያለው ልክ ነው፤ ግን መጀመሪያ መኪናዋ ድጋሚ ተቀብታ እንደሆነ ይጣራ። እዚህ አገር ብዙ መኪና ላሜራው ተነክቷል፤ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ መሙያ) ላይ የተቀባው ቀለም ምን ያህል እንደሚወፍር ያለ መለኪያ አይታወቅም። ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርገህ በማይታይ ቦታ አሸው። ጨርቁ ሰማያዊ ከሆነ ላዩ ላይ ክሊር የለም፤ የምትፍቀው ቀለሙን ራሱን ነው። ጥፍርህ የሚሰናከልበትን ጭረት ደግሞ እስኪጠፋ አታሳድደው፤ ክሊሩን ትጨርሳለህ።

አዳማ ላይ ሰዓቱም ይወስናል። ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ መሬቱን ውኃ ረጭተህ ጥላ ሥር ሥራ። አቧራ ፓዱ ውስጥ ከገባ አዲስ ጭረት ትሠራለህ። መብራት ከጠፋም መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፋ፤ ሳይታሰብ ሲመጣ ማሽኑ ከእጅህ ይዘላል።

ጠያቂ (አዳማ)
እግዜር ይስጥልኝ። ዱዋል አክሽን ተውሼ ኮፋኖው ላይ ሞከርኩ። ጭረቱ በጣም ቀንሷል፤ ግን ጭጋግ የመሰለ ነገር ቀረበት፣ ነጭ ዱቄትም ይበናል።

ኮፋኖ
ዱቄቱ ኮምፓውንዱ ቶሎ እየደረቀ ነው ማለት ነው፦ ወይ ላሜራው ሞቋል፣ ወይ ፓዱ ጠግቧል። የእጅህን ጀርባ ኮፋኖው ላይ አሳርፍ፤ ካቃጠለህ ይቀዝቅዝ። ፓዱን በየክፍሉ በብሩሽ አራግፍ፤ ለሙሉ መኪና ከ4 እስከ 5 ፓድ ያስፈልጋል፣ በአንድ ፓድ አይዘለቅም።

ጭጋጉ ጠንካራው ፓድ የተወው ጥቃቅን ጭረት ነው። ለስላሳ ፓድና ፊኒሺንግ ፖሊሽ ይዘህ ሳትጫን ድገመው። ከዚያ የ70% አልኮልን በእኩል ውኃ አቅጥነህ በማይክሮፋይበር ጥረግ፤ የፖሊሹ ዘይት ጭረቱን ስለሚሸፍን ሳይጠረግ ያየኸውን ውጤት አትመን። ሰም የሚቀባው ከዚያ በኋላ ነው።