«ሽቦው ይደርሳል»፦ ለወረታው መስመር ናፍጣ ወይስ ኤሌክትሪክ?

የወረታ ነጋዴ፦
ትናንት ማታ ስለ ሰሜኑ የባቡር መስመር ስንወያይ «ሐዲዱ ይቅደም፣ ሽቦው ይደርሳል፤ እስከዚያው በናፍጣ እንሂድ» ተብሎ ለባቡሩ ኃይል ስለሚሰጠው የኤሌክትሪክ ሽቦ የተጻፈውን ካነበብኩ ጀምሮ ቁጣዬ አልበረደም። በቀድሞው የምድር ባቡር ዕቅድ ውስጥ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳርና በወረታ በኩል ወልድያ የሚደርስ፣ ከወረታም በአዘዞ ወደ መተማ የሚገነጠል መስመር እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ደረቅ ወደቡ ወረታ ላይ ተሠርቷል፣ ሐዲዱ ግን አልመጣም፤ ኮንቴይነሩም እስከ ዛሬ ከጅቡቲ በከባድ መኪና ተጭኖ ይመጣል። ከሰበታ እስከ ጅቡቲ ያለው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መስመር በመስከረም 2009 ሲመረቅ በኤሌክትሪክ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አልፎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰውም ለኤሌክትሪክ የተሠራ ነው። ታዲያ ከሐራ ገበያ ወዲህ ሲሆን ሎኮሞቲቩ (ፉርጎዎቹን የሚጎትተው) ተቀይሮ በናፍጣ የሚሄድበትን ምክንያት የሚያስረዳኝ ማን ነው?

ከቀበሌ 14፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም የምለው ያንኑ ነው። እርስዎ በምሳሌነት ያነሡት የአዋሽ መስመር ለእኔ እንጂ ለእርስዎ አይመሰክርም። ሥራው በ2007 ተጀመረ። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው 270 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ክፍል ሐዲዱ ተነጥፎ፣ ምሰሶው ቆሞ፣ ሽቦውም ተሰቅሎ ሳለ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ባለመድረሱ ጭነት ሳያመላልስ ቆየ፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣና ጉዳት አደረሰበት። መስመሩ ለናፍጣ ሎኮሞቲቭ ታስቦ ቢሆን ኖሮ ሐዲዱ ባለቀ ማግሥት ኮምቦልቻ ጭነቷን ትቀበል ነበር። ዝናብ ባጉረመረመ ቁጥር መብራት በሚጠፋበት ከተማ ውስጥ ተቀምጠን የጭነት ባቡራችንን ሙሉ በሙሉ በሽቦ ላይ እናንጠልጥል ማለት ለእኔ ኃላፊነት የጎደለው ምክር ነው።

ፖሊ ኤሌክትሪካል፦
ወንድሜ፣ የቤታችን መብራት መጥፋትና የባቡር ኃይል መቋረጥ አንድ አይደሉም። በሰፈራችን መብራት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ዛፍ ማከፋፈያው ሽቦ ላይ ሲወድቅ፣ ምሰሶ ሲዘምም ወይም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ነው። ባቡር ግን ኃይሉን በራሱ ሰብስቴሽኖች (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያዎች) አማካይነት በቀጥታ ከከፍተኛ ቮልቴጅ ማስተላለፊያ መስመር ይወስዳል፤ ከሐዲዱ በላይ በተዘረጋው ሽቦ ላይ የሚያልፈውም 25 ሺህ ቮልት ነው፤ አንዱ ሰብስቴሽን ቢቋረጥም ጎረቤቱ እንዲደግፈው ተደርጎ ይነደፋል። ዋናው ማስተላለፊያ ሲወድቅ ባቡሩም እንደሚቆም አልክድም።

ስለ ዳገቱ ግን ማንም እስካሁን አላነሣም። ከወልድያ ወደ ጋሸና የሚወጣውን መንገድ ያየ ሰው ባቡሩ ወደ ሦስት ሺህ ሜትር ወደሚጠጋ ከፍታ መውጣት እንዳለበት ይገነዘባል። ወደ እኛ የሚመጣው ዕቃ ከሚወጣው ይበልጥ ይከብዳልና የሞላው ፉርጎ ዳገቱን፣ ባዶው ቁልቁለቱን ይሄዳል። የናፍጣ ሎኮሞቲቭ የምንለው በአብዛኛው ጀኔሬተሩን ተሸክሞ መንኮራኩሩን በኤሌክትሪክ ሞተር የሚያዞር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ኃይሉ የሚቀንሰው ጀኔሬተሩን የሚያዞረው የናፍጣ ሞተር ነው። ከሽቦ የሚወስደው ሎኮሞቲቭ አየር አይቸግረውም፣ በረጅም ዋሻ ውስጥም ጭስ አይለቅም፣ ቁልቁለት ሲወርድም በብሬክ የሚያመነጨውን ኃይል ወደ ሽቦው ይመልሳል።

የወረታ ነጋዴ፦
እናመሰግናለን። ከቀበሌ 14 ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። በአዋሽ መስመር ላይ ሽቦውማ ደርሷል፤ ያልደረሰው ኃይሉ ነው። ጥፋቱ ማስተላለፊያውን ከሐዲዱ ጋር እኩል ባላስኬደው ዕቅድ ላይ እያለ፣ እርስዎ ሽቦውን ተጠያቂ የሚያደርጉት ለምንድን ነው?

ከቀበሌ 14፦
ሽቦውን አልከሰስኩም። የእኛ አገር መሥሪያ ቤቶች ሐዲድና ማስተላለፊያ መስመር በአንድ ቀን እንደማያደርሱ በዓይናችን አይተናል፤ ይህንን ያየ ሰው አንዱ የዘገየ እንደሆነ ሌላው አብሮት እንዳይታሠር ያስባል። ኬንያ ከሞምባሳ እስከ ናይሮቢ ያለውን መስመር በፈረንጆች 2017 በናፍጣ ጀምራ ጭነቷን እያንቀሳቀሰች ነው።

ፖሊ ኤሌክትሪካል፦
የኬንያን ካነሡ ሙሉውን ያንሡት። እዚያም መስመሩ ወደፊት በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ይቻላል ተብሎ ነው የተነደፈው፤ ሽቦው ግን እስካሁን አልመጣም። ታንዛኒያ ደግሞ በ2024 ከዳሬሰላም እስከ ዶዶማ በኤሌክትሪክ ጀመረች። «ሽቦው ይደርሳል» የተባለበት መስመር በናፍጣ እየለመደ ይቀራል፤ ባቡር እየተመላለሰበት ምሰሶ መትከልና ሽቦ መስቀል ሥራውን ያከብደዋል፣ ያስወድደዋልም። ነዳጁም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 የከለከለች አገር አዲስ ለምትሠራው የባቡር መስመር የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ልትገዛ ነው?

የምድር ባቡር ጡረተኛ፦
ልጆቼ፣ እኔ ድሬዳዋ ዎርክሾፕ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ አሁን ልጄ ዘንድ ባሕር ዳር እኖራለሁ። ሰሞኑን አንድ ሰው «የድሮውን ባቡር የገደለው ናፍጣ ነው» ብሎ ጽፎ አነበብኩ፤ ይህንን አልቀበልም። የእኛ ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው፤ በእንፋሎት ተጀምሮ ኋላ ናፍጣ ገባለት። ያዳከመው የመለዋወጫ ዕጦትና የሐዲዱ መጎዳት ነው። የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭም መለዋወጫ ካጣ ይቆማል፤ ይህንን ለማወቅ በ2008 ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ማየት ይበቃል። ሽቦ ሲበጠስ ወይም ሌባ ገመዱን ሲቆርጥ፣ መሐል ሜዳ የቀረውን ባቡር ሄዶ የሚጎትተው ናፍጣ ነው፤ ስለዚህ በኤሌክትሪክ መስመርም ላይ ናፍጣ አይጠፋም። እናንተ ግን አንዱ ሲነሣ ሌላው የሚሞት አስመሰላችሁት።

የወረታ ነጋዴ፦
ጋሼ፣ የእርስዎን ሥራ የሚንቅ የለም። ክርክራችን ሃምሳ ፉርጎ ጭኖ ጋሸናን የሚወጣው የትኛው ነው በሚለው ላይ እንጂ ለማዳኛ የሚቀመጠውን ናፍጣ አይመለከትም።

የጣና ዳር ልጅ፦
ሁላችሁም ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ሳታነሡ ስለ ሽቦ ትነጋገራላችሁ። በ2002 የተመረቀው የበለስ የውሃ ኃይል ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ከጣና በሚወስደው ውሃ ነው። ጨራጨራ ላይ የሐይቁ መውጫ ከተገደበና በለስ ከተከፈተ በኋላ ጢስ ዓባይ ላይ የሚወርደው ውሃ ምን ያህል እንደሳሳ እዚህ ያደገ ሰው ያውቃል። የክረምቱ ዝናብ ሲያንስ ወደ ዘጌና ወደ ጎርጎራ የሚሄዱ ጀልባዎች የሚቆሙበት ዳርቻ ይሸሻል፤ ዓሣ አስጋሪውም የሚወጣበትን ያጣል። ተጨማሪ መስመር በኤሌክትሪክ ይሂድ ከተባለ የሐይቁ ድርሻ አስቀድሞ ይነገረን።

ፖሊ ኤሌክትሪካል፦
ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጣና የባቡሩ ምንጭ ብቻውን አይሆንም። ኃይሉ ሁሉ ወደ አንድ አገራዊ መረብ ይገባል፤ በ2017 ጳጉሜን የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ የባቡር ፍላጎት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ከጣና በበለስ በኩል የሚወርደውም ውሃ ወደ ዓባይ ተመልሶ በሕዳሴው በኩል ዳግመኛ ኃይል ያመነጫል።

የጣና ዳር ልጅ፦
ውሃው ሕዳሴ መድረሱ ዘጌ ላይ የሸሸውን ዳርቻ አይመልሰውም። እኔ የጠየቅሁት አገሪቱ ኃይል አላት ወይ ብዬ አይደለም፤ በደረቅ ዓመት ፍላጎት ሲጨምር ጨራጨራን የሚከፍተውና የሚዘጋው በማን ሐሳብ ነው የሚል ነው። አንተ ሜጋ ዋት ቆጥረህ መለስክልኝ።

ፖሊ ኤሌክትሪካል፦
ለዚህ መልስ የለኝም፤ መልሱን መስጠት ያለበት ውሃውን የሚያስተዳድረው አካል ነው። ሆኖም ናፍጣ በመረጥን ቁጥር ጨራጨራ አይከፈትም ማለት አይደለም፤ ሐይቁን የሚጎዳው የአስተዳደሩ ጉዳይ ባቡር ቢኖርም ባይኖርም አለ።

ከጎንደር፦
ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ፣ ሐዲዱ ገና በሌለበት ስለ ሽቦ መጣላታችን አያሳዝንም? መጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባን መስመሩ በየትኛው ዓመት እንደሚጀመር ነው። ደግሞም ሁሉም ነገር ወረታ ላይ ያበቃ ይመስል ትጽፋላችሁ፤ ከወረታ በአዘዞ መተማ የሚደርሰውስ?

የወረታ ነጋዴ፦
ሐዲዱ ስለሌለ ነው አሁን መነጋገር ያለብን። ዋሻውና ድልድዩ የሚነደፉት ሐዲድ ከመነጠፉ በፊት ነው፤ ለሽቦ የሚሆን ከፍታ ሳይተውለት የተቆፈረ ዋሻን በኋላ ማስፋት መልሶ እንደ መቆፈር ነው። ጎንደርን የተውናት አይደለም፤ እስከ ወረታ በናፍጣ የመጣ መስመር መተማ ሲደርስም በናፍጣ ይቀራል።

ከቀበሌ 14፦
በዋሻው ከፍታ እንስማማለን። ዋሻዎቹና ድልድዮቹ ለሽቦ እንዲመቹ ሆነው ይሠሩ። ሐዲዱ ካለቀ በኋላ ግን ኃይል እስኪመጣ ድረስ ባቡሩ በናፍጣ ይሂድ፤ ይህ ከአዋሽ የተማርነው ነው።

የወረታ ነጋዴ፦
«እስኪመጣ ድረስ» አሉ። በዓመት የማይገደብ «ድረስ» ነው ኬንያን እዚያው ያቆማት። እኔ የምለው የማስተላለፊያው መስመርና ሰብስቴሽኖቹ ከሐዲዱ ቀድመው በውሉ ይግቡ፣ ኃይሉ ሳይፈተሽም የሐዲዱ የመጨረሻ ክፍያ አይለቀቅ ነው። በዚህ ላይ ተቃውሞዎ ምንድን ነው?

ከቀበሌ 14፦
ተቃውሞዬ ተቋራጩ ክፍያ ሲያዝበት ሥራውን አቁሞ ይሄዳል የሚል ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በውጭ ገንዘብ የሚከፈል ሥራ ለአገሪቱ ምን ያህል እንደከበደ ለእርስዎ ለነጋዴው አልነግርዎትም። ሰብስቴሽኑ፣ ትራንስፎርመሩ፣ የሽቦው ቁሳቁስ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው። የአዋሹም ኃይል በዕቅድ ላይ ነበር።

የምድር ባቡር ጡረተኛ፦
የናፍጣውስ ሎኮሞቲቭ ከየት ሊመጣ ነው፣ እዚሁ አጠገባችን ካለችው ከሐሙሲት? ሁለቱም ከውጭ ነው የሚገዛው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ በናፍጣም ሆነ በኤሌክትሪክ የሚጠግነው መካኒክ እዚህ ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ውስጥ ዛሬ እየተማረ ነው ወይ?

ፖሊ ኤሌክትሪካል፦
ጋሼ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይልና ስለ ሞተር እንማራለን፤ እጃችንን የምናስገባበት ሎኮሞቲቭ ግን ባሕር ዳር ውስጥ የለም። ለሥልጠና መጀመሪያ ሐዲዱ ይድረስ።

ከቀበሌ 14፦
ይኸው፣ አንተም «ሐዲዱ ይድረስ» አልክ። እኔም ያልኩት ሐዲዱ ይቅደም ነው።

የወረታ ነጋዴ፦
እርሱ ስለ ሥልጠና ነው የተናገረው፤ ቃሉን ከቦታው አያንሡት። ለጥያቄዬ አሁንም መልስ አልሰጡኝም፤ ናፍጣው የሚያበቃበት ዓመት ስንት ነው?

ከቀበሌ 14፦
የሐራ ገበያው ሽቦ ኃይል አግኝቶ የጭነት ባቡር ያለ ማቋረጥ ሲመላለስበት ካየሁ፣ በዚያው ዓመት። ከዚያ በፊት ለሽቦ ድምፄን አልሰጥም።