«አለርጂ» ተብሎ ብቻ የተጻፈን ካርድ በክትባት ልኮደው?

የካርድ ክፍሏ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ምሥራቅ ጎጃም፣ አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ኤችአይቲ (የጤና መረጃ ቴክኒሻን) ነኝ፤ ሐኪሙ የጻፈውን ሕመም ወደ መለያ ቁጥር፣ ማለትም ወደ ኮድ፣ እለውጣለሁ፤ ስድስት ዓመት ሆነኝ። እንደዚህ ያለ ግን አልገጠመኝም።

ጥቅምት 1 ጠዋት አንዲት እናት መጡ። አሜሪካ ልጃቸው ጋ ከርመው መመለሳቸው ነው። ነጠላቸውን ገለጥ ሲያደርጉ ከክንዳቸው እስከ አንገታቸው ሽፍታ በሽፍታ ናቸው፤ ሳማ የለበለበው ሰው ይመስላሉ። ትንፋሻቸው ደህና ነው፣ ግፊታቸውም ደህና። መርፌ ተወጉ፣ ትንሽ ታይተው ሽፍታው ሲከስም ወደ ቤት ተሸኙ።

ካርዱ ተመልሶ እጄ ሲገባ ምርመራው ላይ ያለው «አለርጂ» የምትል አንዲት ቃል ናት። በምን? አይልም። ትሪያጅ (የመጀመሪያ ልየታ) ገጹ ላይ በነርስ እጅ «የጉንፋን ክትባት 10/08» ተብሏል። ዶክተሩ ደግሞ ከሥሩ «ከተከተቡ 5 ወር አልፏል፣ አይያያዝም» ብሎ አስምሮበታል።

እኔ ግን ካርድ ሳወጣላቸው ከፋርማሲ የተሰጠቻቸውን ትንሽ ወረቀት አይቻታለሁ። 10/08/25 ነው የምትለው፣ ሰዓቱም 3:00 ከቀትር በኋላ። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ። ኦክቶበር 8 ማለት ነው፤ በእኛ መስከረም 28፣ ከቀኑ 9 ሰዓት። ነርሷ ዓመቱን ትታ ስትገለብጠው ሚያዝያ 10 ሆኖ ተነበበ። እማማ ራሳቸው ደግሞ «ማሳከኩ ያን ዕለት ማታ፣ አውሮፕላን ሳልሳፈር ጀመረኝ» ብለውኛል።

አሁን ምን ላድርግ? ቀኑን እኔው አስተካክዬ በክትባት ልኮደው? ወይስ ኤል50 (የዩርቲካሪያ፣ እንደ ሳማ ያለ ሽፍታ፣ ኮድ) ብዬ ልለፈው? ዝም እንዳልል እማማ ለከርሞም ሊከተቡ ይችላሉ።

የዳንግላ ነርስ፦

ቲ88.1 አድርጊው በቃ። ከክትባት በኋላ የመጣ ችግር ሁሉ እዚያ ነው የሚገባው። ደግሞ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በእኛ መደበኛ ክትባት ውስጥ ስለሌለ ቀኑን ማንም ልብ አይለውም፤ በነርሷ አትፍረጂ።

የቡሬ ልጅ (ሜሪላንድ)፦

እህቴ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው። እኔ እዚህ የምሠራው ኮዲንግ ነው፤ በመጸው ወራት ከእጄ የማይጠፋ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ለዳንግላው ወንድሜ። ቲ88.1 «ሌላ ቦታ ያልተመደበ» የሚል ቅጥያ አለው። የተሻለ ስም ከጠፋ ነው ወደሱ የሚኬደው። እዚህ ግን የሕመሙ ስም አይጠፋም፤ ዶክተሩ «ከአለርጂ የመጣ ዩርቲካሪያ» ብሎ ከጻፈ ኤል50.0 ነው። ቀድሞ የሚቀመጠው ራሱ ጉዳቱ ነው፣ ያመጣው ነገር ይከተላል። በዓለም አቀፉ የሕመም ኮዶች ዝርዝር፣ በአይሲዲ-10፣ መንስኤው ዋይ59.0 ነው፣ የቫይረስ ክትባቶች የሚመደቡበት። እኛ አሜሪካ በምንጠቀምበት ደግሞ ቲ50.ቢ95ኤ ይባላል። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤ» ሰው እንደሚመስለው «የመጀመሪያ ቀጠሮ» ማለት አይደለችም፤ ሕክምናው ገና እየተሰጠ ነው ማለት ናት። ግፊት ወርዶ፣ ትንፋሽ ቆራርጦ አናፊላክሲስ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚህ ቲ80.52ኤክስኤ የሚባል የራሱ ኮድ አለው።

ዜድ23ን አትንኪው። እሱ እኛ አሜሪካ ሰው ሊከተብ ሲመጣ የምንጽፈው ነው። እማማ የመጡት ሊታከሙ ነው።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ አንቺ ትክክል ብትሆኚም ቀኑን በራስሽ እጅ አታስተካክይ። ኮደር የሐኪሙን ቃል ወደ ቁጥር ይለውጣል እንጂ ሽፍታውን ከክትባቱ ጋር አያገናኝም። «በክትባቱ ምክንያት» የምትለው ቃል ከዶክተሩ ብዕር መውጣት አለባት። አሁን ካርዱ ላይ ያለው «አይያያዝም» ነው። በዚያ ላይ ዋይ59.0 ብትጽፊ ካርዱና ኮዱ ይጣላሉ። ስለዚህ ካርዱን ይዘሽ ሂጂ፣ ወረቀቷን አሳዪው። ግን «ክትባት ነው በል» አትበይው። «ቀኑ መስከረም 28 ነው፣ ሕመሙ ምንድን ነው፣ መንስኤውስ?» ብለሽ ክፍት አድርገሽ ጠይቂው።

ሲያርምም አይፋቅ፣ በፍሉድ አይሸፈን። የድሮው እንዲነበብ አንድ መስመር ይሰረዝበት፣ ከጎኑ የዕለቱ ቀንና ፊርማ።

ፋርማሲስት ከፍኖተ ሰላም፦

የቡሬው ልጅ ጥሩ ብሏል። እኔ አንድ ልጨምር፤ ኮዱና ሪፖርቱ አይምታቱብሽ። ለኮዱ የሐኪሙ ቃል ያስፈልጋል። ከክትባት በኋላ የሚከሰት ጉዳት ሪፖርት ግን ጥርጣሬ ይበቃዋል። ትርጉሙ ራሱ «ከክትባት በኋላ የተከሰተ» ነው የሚለው፤ «ክትባቱ ያመጣው» አይልም። መንስኤውን የሚመረምሩ ሌሎች ናቸው፦ ከክትባቱ ባሕርይ ነው? ከጥራት ጉድለት? ከአሰጣጥ ስህተት? ከፍርሃት? ወይስ አጋጣሚ? ያን የሚለዩት እኛ የላክነውን ይዘው ነው።

ፎርሙ ላይ ዘወትር ባዶ የሚቀረው ደግሞ የባች ቁጥሩ (ክትባቱ የተመረተበት ዙር መለያ) ነው። ያቺን ወረቀት ፎቶ አንሺያት። የክትባቱ ስም፣ አምራቹ፣ የባች ቁጥሩ፣ የተወጉበት ክንድ፣ የተወጉበት ሰዓትና ማሳከክ የጀመረበት ሰዓት ይጻፍ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊ፣ ወሩን ግን በፊደል። «መስከረም 28 / ኦክቶበር 8» ከተባለ ማንም አያዛባውም። ሰዓቱም ላይ «ከቀኑ 9፣ በፈረንጅ 3» በይ። 3 ብቻ ካልሽ እዚህ የሚያነበው ጠዋት ያደርገዋል፣ ከክትባቱ እስከ ማሳከኩ ያለው ጊዜ በ6 ሰዓት ይዛነፋል።

የካርድ ክፍሏ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ጠዋት ከዙር በፊት ዶክተሩን አገኘሁት። ወረቀቷን ሲያይ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «እኔ ሚያዝያ ነው ያልኩት» አለ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በአንድ መስመር ሰረዘው። «ከአለርጂ የመጣ ዩርቲካሪያ፣ ከኢንፍሉዌንዛ ክትባት በኋላ በሰዓታት ውስጥ የጀመረ፣ በክትባቱ ምክንያት» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ። ኤል50.0 እና ዋይ59.0 ብዬ አስገባሁ። ፎርሙን ከፋርማሲያችን ጋር ሞልተን ላክን፣ ባች ቁጥሩም አለበት።

እማማ ማክሰኞ ለገበያ ሲወጡ ብቅ ብለው ነበር፤ ሽፍታው ጠፍቷል። ወረቀቷን መለስኩላቸው። ጀርባዋ ላይ ዶክተሩ በእንግሊዝኛ ምን እንደሆኑ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደጀመራቸው ጽፎበታል። አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሯት። «ለልጄ በስልክ አነብላታለሁ» አሉኝ።

የቡሬ ልጅ፣ አንድ የቀረኝ፦ ለከርሞ ለሌላ ሕመም ቢመጡ ይህን ታሪክ በዜድ88.7 ልይዘው እችላለሁ?

የቡሬ ልጅ (ሜሪላንድ)፦

አዎ፣ ለክትባት አለርጂ እንደነበራቸው የሚይዘው እሱ ነው። ግን ያኔም ዶክተሩ ካርዱ ላይ ይጻፈው። ፎልደሩ ፊት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፊበት፤ ትሪያጅ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።